ለካውንስል ታክስ የተማሪ ኤግዘምፕሽን ያመለከትኩበት አገልግሎት፦ ፎርሙ አሪፍ፣ ደብዳቤው አስደንጋጭ

ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ። ህጉ ለራሱ 5 ይገባዋል፣ ወደታች የጎተተው ካውንስሉ የሚያስፈጽምበት መንገድ ነው። የማወራው ለንደን ውስጥ እኔ ስለምኖርበት ካውንስል ነው፣ ስሙ ይቆይ፣ ማስተርስ ስጀምር ከካውንስል ታክስ (ካውንስሉ፣ ማለት የአካባቢው አስተዳደር፣ በቤት ላይ የሚያስከፍለው ግብር) ነፃ ለመሆን ያመለከትኩበት የኦንላይን አገልግሎት ማለት ነው። በስኮላርሺፕም ራሱ ከፍሎም ከአገር ቤት የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው፣ ይሄን ነገር ቀድሞ የሚነግረው ሰው ደሞ አያገኝም፣ ለዛ ነው ዘርዘር አርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ አዲስ ለመጣችሁ። አዲስ አበባ ላይ የጣሪያና ግድግዳ የምንለውን የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ነው አይደል፣ ተከራይ የሚሰማው ኪራይ ሲጨመርበት ብቻ ነው። እዚህ ግን በአብዛኛው የሚከፍለው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው፣ ተከራይም ቢሆን። ስለዚህ ፍላት ተከራይታችሁ ገብታችሁ ትንሽ ቆይቶ «ለነዋሪው» የሚል ፖስታ በበር ሲገባ የአከራዩ ነው ብላችሁ ጥግ ላይ እንዳትወረውሩት። አከራዩ ክፍል ክፍሉን ለየብቻ እያከራየ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ታክሱ የሱ ነው፣ ኮንትራታችሁን እዩት። ኢንግላንድ ውስጥ ቤቶቹ ከኤ እስከ ኤች በባንድ፣ ማለት በዋጋ ደረጃ ተከፍለዋል፣ የሚገርመው ባንዱ እስካሁን የሚሰላው ቤቱ በፈረንጅ ኤፕሪል 1991 ላይ ያወጣ በነበረው ዋጋ ነው። ክፍያው ደሞ ብዙውን ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ጃንዋሪ በ10 ወር ተከፋፍሎ ይመጣል፣ ለተማሪ ኪስ ከባድ ነው።

ህጉ ግን ደስ ይላል። ቤቱ ውስጥ ያሉት 18 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሙሉ ፉል ታይም ተማሪ ከሆኑ ቤቱ ምንም አይከፍልም። ፉል ታይም የሚባለው ኮርሱ ቢያንስ አንድ የትምህርት ዓመት የሚቆይ፣ በዓመት ቢያንስ 24 ሳምንት ያለው፣ በሳምንት በአማካይ 21 ሰዓት የሚያስጠና ከሆነ ነው። 21 ሰዓት ሲባል ክላስ ተቀምጣችሁ የምታሳልፉት ብቻ አይደለም፣ የራሳችሁ ጥናትም አለበት፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ክላስ አለኝ ብላችሁ አትፍሩ። ፓርት ታይም ግን አይሰራም። የዩኒቨርሲቲ ዶርም የምትኖሩ ይሄን ሁሉ አያገባችሁም፣ ህንጻው ራሱ ነፃ ነው።

ፎርሙን እውነት ለመናገር ወድጄዋለሁ። አድራሻ፣ የገባችሁበት ቀን፣ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ሁሉ ስም፣ ኮርሱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ይጠይቃል፣ ከዛ ተማሪ መሆናችሁን የሚያረጋግጠውን የዩኒቨርሲቲ ሰርተፊኬት አፕሎድ ማድረግ ነው፣ በስልክ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ሰርተፊኬቱን ስትጠይቁ ዩኒቨርሲቲው የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ብዙዎቹ ጋ ከስቱደንት ፖርታል ላይ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ኦፈር ሌተር ግን አትላኩ፣ ኢንሮል ካደረጋችሁ በኋላ የሚወጣውን ነው የሚፈልጉት። አንድ የኛው የሀበሻ ጣጣ ደሞ አለ፣ የስም ነገር። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የቤት ኮንትራቱ ላይ በራሱና በአያቱ ስም ተመዝግቦ ዩኒቨርሲቲው ጋ ግን በራሱና በአባቱ ስም ነበር፣ ካውንስሉ ሁለት የተለያየ ሰው አደረገውና አንደኛው «ተማሪ ያልሆነ ነዋሪ» ሆኖ ቁጭ አለ። የፓስፖርቱን ኮፒ ልኮ ነው ያስተካከለው። እናንተ ከጅምሩ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አይነት ስም አስገቡ።

አሁን ሁለቱን ኮከብ ወደቀነስኩበት ልምጣ። ፎርሙን ስትልኩ «ደርሶናል» የሚል አውቶማቲክ ኢሜይል ይመጣል፣ ከዛ ዝምታ ነው። ዝም ቢሉ እኮ ችግር የለውም፣ ግን ማመልከቻዬ እነሱ እጅ ላይ እያለ ሪማይንደር ላኩብኝ! ሪማይንደር ማለት በ7 ቀን ውስጥ ክፈል ነው፣ ካልከፈላችሁ የዓመቱን ቀሪ በሙሉ ባንዴ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ ቀጥሎ ከማጅስትሬት ፍርድ ቤት ሳመንስ (መጥሪያ) ከነወጪው ይመጣል፣ ሲብስ ቤይሊፍ፣ ማለት ዕዳ አስከፋዮች። ይሄን ለማያውቅ ቪዛው ላይ ለሚጨነቅ ልጅ እንዲህ አይነት ወረቀት መላክ ከባድ ነገር ነው፣ ፈርቶ የሚከፍል ሰው አለ፣ የማይመለከተውን ብር። ስልክ ደወልኩ፣ ሙዚቃው ለረጅም ጊዜ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ቆይቶ ያነሳችው ሴትዮ ግን በጣም ጥሩ ሰው ነበረች፣ ማመልከቻው እስኪታይ አካውንቱን ሆልድ አደረገችልኝ፣ ማለት ክፍያ መጠየቁን አቆመችልኝ። ይሄን ቃል ያዙት፣ ሪማይንደር ከመጣ ደውላችሁ «ሆልድ አድርጉልኝ» በሉ፣ ከዛ የተባባላችሁትን በኢሜይል ጽፋችሁ ላኩ። በመጨረሻ አዲሱ ቢል መጣ፣ ከላይ የዓመቱ ክፍያ፣ ከስሩ ኤግዘምፕሽን ተብሎ ያው ብር በማይነስ፣ ታች ላይ 0.00። እሱን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። ፈርታችሁ የከፈላችሁት ካለም ነፃ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ታስቦ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ።

ሰው በብዛት የሚጎዳው ግን የተደባለቀ ቤት ላይ ነው፣ የኛ ሰው ደሞ አብዛኛው እንደዛ ነው የሚኖረው፣ አንዱ ይማራል አንዱ ኡበር ይነዳል አንዷ ኬር ሆም ትሰራለች። ከሁላችሁ ተማሪ ያልሆነው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ተማሪዎቹ ስለማይቆጠሩ ቤቱ የ25 በመቶ ቅናሽ ያገኛል፣ ቀሪው የዛ ሰው ነው። ተማሪ ያልሆኑት ሁለት ከሆኑ ቅናሽ የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከተማሪ ያልሆነ ሰው ጋር እኩል ኮንትራት ፈርማችሁ ብትኖሩም ፉል ታይም ተማሪ የሆነው ሰው በህግ ለካውንስሉ ተጠያቂ አይደለም፣ ኢንግላንድ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ እንደዛ ነው። ስማችሁ ቢሉ ላይ ካለ አስወጡት። እርስ በርስ ተካፍላችሁ ለመክፈል ከተስማማችሁ እሱ የናንተ ጉዳይ ነው፣ እኔ እንደውም ያ የሚሰራው ወንድማችሁ ብቻውን እንዳይሸከመው ብታዋጡለት ደስ ይለኛል፣ ግን ካውንስሉ ከእናንተ መጠየቅ አይችልም።

ባለትዳሮች ይሄን በደንብ አንብቡት። የተማሪው ባል ወይ ሚስት የብሪታንያ ዜጋ ካልሆኑና በቪዛቸው ምክንያት መስራት ወይም ቤኔፊት (የመንግስት ድጎማ) መውሰድ ከተከለከሉ እነሱም እንደ ተማሪው ነው የሚታዩት፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናል። «ወይም» ነው የሚለው። የዲፔንደንት ቪዛ ላይ ብዙ ጊዜ «ኖ ሪኮርስ ቱ ፐብሊክ ፈንድስ» የሚል አለ፣ ይሄ ማለት ቤኔፊት ተከልክሏል፣ ስለዚህ ሚስትየው ስራ ብትሰራም ይሰራል። የማውቃቸው ባልና ሚስት ሚስትህ ትሰራለች ተብለው 25 በመቶ ብቻ ሰጧቸው፣ ህጉን ጠቅሰው በጽሁፍ ሲከራከሩ ተስተካከለላቸው። ካውንስሉ እምቢ ካለ ወይ 2 ወር ሙሉ ካልመለሰ ቫሉዌሽን ትሪቡናል (የካውንስል ታክስ ይግባኝ የሚያይ ገለልተኛ ችሎት) መሄድ ይቻላል፣ በነፃ ነው።

ክረምት ላይ ደሞ ጥንቃቄ። በአንድ ኮርስ መሀል ያለው የሰመር እረፍት ተማሪነታችሁን አይነካም፣ ዲግሪ ጨርሳችሁ በሴፕቴምበር ማስተርስ እስክትጀምሩ ያለው ጊዜ ግን ተማሪ አያሰኝም፣ ለነዛ ወራት ቢል ይመጣል፣ ካውንስሉም የኮርሱን ማለቂያ ቀን ከሰርተፊኬቱ ላይ መዝግቦ ስለያዘው አይረሳውም። ሰርተፊኬት ሳታወጡ ትምህርት የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲው የመስጠት ግዴታ ያለበት ኮርሱ ካለቀ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ነው፣ ከዛ በኋላ ፈቃደኝነታቸው ላይ ስለሚወድቅ አሁኑኑ ጠይቁ።