ስልካችሁን «የመኪና ኮምፒውተር» እናድርግላችሁ ለሚሏችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ ያላችሁ ባለመኪናዎች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ሰሞኑን በቴሌግራምም በየመለዋወጫ ሱቁ ደጃፍም «ሙሉ የኮምፒውተር ምርመራ በስልክዎ» እየተባለ አንድ ዕቃ ይሸጣል። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ፕላስቲክ ናት። ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች። ሻጮቹ ለማንኛውም መኪና ትሠራለች ይላሉ። ብልሽቱን ሁሉ ትናገራለች፣ ኤርባግና ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን) ታነባለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች ይላሉ። ዋጋውም እንደ ወሬው ነው።

ዕቃዋን አልጠላትም። እኔም መኪናዬ ውስጥ አለችኝ፣ በደንብም ትጠቅመኛለች። የምቃወመው አብሯት የሚሸጠውን ውሸት ነው። ውጭ አገር ከ5 እስከ 15 ዶላር የምትሸጥ ዕቃ ስንት እጥፍ ሆና የምትመጣው በዚያ ውሸት ነውና።

መጀመሪያ የማሳያ ዘዴያቸውን ልንገራችሁ። ሻጩ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋላችኋል። ስክሪኑ ላይ የሞተር ዙሩ ይወጣል ይወርዳል፣ ፍጥነቱ 80 ይላል፣ ሙቀቱ ይቀያየራል። መኪና ግን በአካባቢው የለም! ከእነዚህ አፖች አንዳንዶቹ «ዴሞ» የሚባል የልምምድ ክፍል አላቸው። ቁጥሩን አፑ ራሱ እየፈበረከ ነው የሚያሳያችሁ። የአጎቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ አይቶ የተማረከው በዚሁ ነው። ገዝቶ ቤቱ ገባ። ባለ 5 ኤል ሞተሩ ሃይሉክስ ላይ ሊሰካት ቢጎነበስ ሶኬቱ የለም። ተመልሶ ሲሄድ «ሌላ ማገናኛ ግዛ» አሉት። ኧረ ምን ዓይነት ማገናኛ! የዚያ መኪና ናፍታ ፖምፓ ሜካኒካል ነው። የምታናግሩት የሞተር ኮምፒውተር የለውም።

«ለማንኛውም መኪና» የሚሉት ነገር እዚህ ላይ ይፈርሳል። ዕቃዋ የምትሠራው ኦቢዲ ቱ የሚባለውን አሠራር፣ ማለትም የሞተር ኮምፒውተር ከመመርመሪያ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበትን የጋራ ቋንቋ፣ በተከተሉ መኪኖች ላይ ነው። አሜሪካ በፈረንጆች ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አስገድዳዋለች። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍታ ከ2004 ገደማ ጀምሮ አስገድዷል። ለሌሎች ገበያዎች የተሠሩት ግን ግዴታው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። ስለዚህ ከዱባይ የመጣ የድሮ ቶዮታ ላይ ባለ 16 ቀዳዳው ሶኬት ቁጭ ብሎ ታገኙትና ስልኩ «መገናኘት አልተቻለም» ይላችኋል። አይሱዙ ያላችሁ ደግሞ የባሰ ተጠንቀቁ። ኤንፒአሩም ኤፍኤስአሩም 24 ቮልት ነው። ርካሿ ዕቃ የተሠራችው ለ12 ቮልት ስለሆነ ልትቃጠልባችሁ ትችላለች።

«ኦሪጅናል ናት» ሲሏችሁም ሳቅ ብላችሁ እለፉ። ውስጧ ያለው ቺፕ ኤልም 327 ይባላል፤ የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነበር። ኩባንያው የመጀመሪያውን ሲያወጣ ፕሮግራሙ እንዳይገለበጥ መቆለፊያውን አላበራውም። ቻይናዎቹ ገለበጡት፣ ዓለምን አጥለቀለቁት። ኩባንያው ራሱ በ2022 ተዘግቷል። ዕቃዋ ጀርባ ላይ «1.5» የሚል ተጽፎ ብታገኙ ኩባንያው 1.5 የሚባል አውጥቶ አያውቅም። «2.1» የሚሉት ብዙዎቹ ደግሞ አፑ የሚልከውን አንዳንድ ትእዛዝ የማይረዱ ናቸው፤ ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ቅጂ መሆኗ ብቻውን ነውር አይደለም፣ የእኔም ቅጂ ናት። ለቅጂ የኦሪጅናል ዋጋ መክፈል ነው ነውሩ። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ተራዋ ባለብሉቱዝ አትሠራላችሁም። ባለዋይፋይ ወይም ለአይፎን የሚሆን አዲሱ ብሉቱዝ ያላት መሆን አለባት። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

እሺ፣ ተገናኘ እንበል። ምን ታነባለች? የሞተሩን ኮምፒውተር። በተራው አፕ ኤርባጉም ኤቢኤሱም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ እነሱ የየፋብሪካው የራሱ ቋንቋ ነው። ከሞተሩም ቢሆን የምታገኙት ኮድ፣ ማለትም የብልሽት ምልክት ቁጥር፣ ነው። ኮድ እንደ ቴርሞሜትር ነው፤ ትኩሳት አለ ይላል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይናገርም።

ይህችን ያልተረዳ ሰው ኪሱ ይራቆታል። ባሕር ዳር አንድ የማውቀው የቪትዝ ባለቤት ቼክ ኢንጂን በራበትና ስልክ ይዞ የሚዞር «መርማሪ» ጠራ። ፒ 0171 ወጣ። መርማሪው ወዲያው «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» አለው። ሴንሰሩንም ራሱ አመጣ፣ ራሱ ሸጠ፣ ራሱ ገጠመ። ኮዱን ሲያጠፋው መብራቱ ጠፋ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። መብራቱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ በራ። ፒ 0171 የሚለው ሞተሩ ከነዳጁ አንጻር አየር በዝቶበታል ብቻ ነው። ሴንሰር ሊሆን ይችላል። የተዘጋ የነዳጅ ፊልትሮም፣ የደከመ የነዳጅ ፖምፓም፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያም ሊሆን ይችላል። የሰውዬው ሆኖ የተገኘው ከአየር ፊልትሮው በኋላ ያለው የአየር ቱቦ ጎማ ተሰንጥቆ ነው። አንድ ደህና መካኒክ በእጁ ዳብሶ አገኘው። ፒ 0300 ሲመጣም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ይንተፋተፋል ማለት እንጂ ካንዴላ ቀይር ማለት አይደለም። ቦቢናም ሊሆን ይችላል። በዚህ የነዳጅ ችግር ዘመን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተቀዳ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቤንዚንም ሊሆን ይችላል። ኮዱን አንብቦ ወዲያው ዕቃ የሚሸጥላችሁን ሰው ሽሹት።

ስለ ክሩስኮቱም (ከመሪው ፊት ስላለው የመለኪያ ሰሌዳ) ጉዳይ ላውራ፣ ምክንያቱም እኔ ዕቃዋን የምወዳት በዚህ ነው። በብዙ መኪኖች የሙቀት መርፌ ትክክለኛውን ሙቀት አይከተልም። ሾፌሩ እንዳይደናገጥ ተብሎ ሰፊ ክልል ላይ መሃል ቆሞ እንዲቀር ተደርጎ የተሠራ ነው። መርፌው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልፏል። ስልኩ ላይ ግን ሙቀቱ በዲግሪ ይታያል። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ የደጀንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ 92 የነበረው 98፣ ከዚያ 104 ሲል ታያላችሁ። ጥግ ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ቴስታታ አይቃጠልም፣ ጓርኒሲዮን አይበላም። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋዋን ታወጣለች፤ ትክክለኛ ዋጋዋን ማለቴ ነው።

ታዲያ እዚህም ውሸት ይጨመርበታል። «የዘይት ግፊት ያሳያል» ይላሉ። የኦቢዲ ቱ የጋራ ዝርዝር ውስጥ የዘይት ግፊት የለም። አፑ ላይ የሚያምር የዘይት ግፊት መርፌ ልትስሉ ትችላላችሁ፣ የሚሞላው ቁጥር ግን አይመጣም። ብዙ መኪና ላይ ያለውም ቀይ መብራት የሚያበራ ተራ ማብሪያ ብቻ ነው። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ስልክ አትዩ፣ ሞተር አጥፉ። የነዳጅ ፍጆታ የሚለውም ቢሆን አፑ ከሚገባው አየር አስልቶ የሚገምተው ነው። ለቤንዚን ይጠጋል። ናፍታ ሞተር አየርና ነዳጁን በቋሚ ልክ ስለማያቀላቅል ስሌቱ ይበላሻል። ሌላም አለ፤ ራዲያተሩ ውኃ ከጨረሰ የሙቀት ሴንሰሩ ባዶ ላይ ቀርቶ ያልሞቀ ሊመስል ይችላል። ሽታና እንፋሎት ካያችሁ ቁጥሩን አትመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትልቁ ማጭበርበር ያለው መኪና ሲሸጥ ነው።

ደላላው ስልኩን ይሰካና «ኮድ የለም» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ያሳያችኋል። «ኮምፒውተር የመሰከረለት መኪና» ይላችኋል። ያ ጽሑፍ ግን ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። በዚያችው ዕቃ አንድ ቁልፍ ተነክታ ኮዱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) ወጥቶ የተሸጠበት መኪና ፒ 0420 የሚል ኮድ ይዞ ይዞራል። ሲሰርዙት ይጠፋል። ተመልሶ እስኪመጣ ቀናት ይፈጅበታል። እስከዚያ ውሉ ተፈርሟል፣ ሊብሬው ዞሯል፣ ደላላው ስልክ አያነሳም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ደግነቱ መኪናው ራሱ መስካሪ ነው። ኮድ ሲሰረዝ ሌላ ነገርም አብሮ ይሰረዛል፤ መሰረዙም ይመዘገባል። የራሳችሁን ዕቃና ስልክ ይዛችሁ ሂዱና ከአፑ ውስጥ «ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተሄደ ርቀት» የሚለውን ፈልጉ። 3 ኪሎ ሜትር ካለ ጠዋት ነው የተሰረዘው። «ከተሰረዘ ወዲህ ሞተሩ የሞቀበት ብዛት» የሚልም አለ። ከዚያ «ሬዲነስ» የሚለውን ክፍል ክፈቱ። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ፈተናዎች ዝርዝር ነው። ኮድ ሲሰረዝ አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ወደሚለው ይመለሳሉ። እንደገና ለመጠናቀቅ ቀዝቃዛ አነሳስ፣ የከተማ መንገድ፣ ሳያቋርጡ በእኩል ፍጥነት መሄድ ይፈልጋሉ። ግማሾቹ ያልተጠናቀቁበት መኪና ላይ «ኮድ የለም» ማለት «ገና አልተፈተሸም» ማለት ነው። ለፍትሕ ያህል ልንገራችሁ፣ ባትሪ የተቀየረለት መኪናም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያሳያል። ስለዚህ ሰውን ወዲያው ሌባ አትበሉ። «መኪናውን ጥቂት ቀን ንዳውና እንደገና ላንብበው» በሉ። ሐቀኛ ሻጭ አይከፋውም። ባሕር ዳር ከሆናችሁ እስከ መራዊ ደርሶ መልስ አብራችሁ ሂዱ፤ ሙሉ ባይሆንም ብዙ ይናገራል። «በመጠባበቅ ላይ ያለ ኮድ» የሚለውንም ማየት አትርሱ፤ መብራት ሳያበራ የሚቀመጥ ነው።

ያለ ምንም ዕቃ የሚደረግ ፍተሻም አለ። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ቼክ ኢንጂን መብራቱ መብራት አለበት፣ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ሳታጣሩ አትግዙ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር በስልክ አጣርቻለሁ የሚላችሁንም አትስሙ። እኛ አገር በሚዞሩት አብዛኞቹ መኪኖች ተራው አፕ ያንን አያነብም።

ስለ አፑም አንድ ነገር። ሻጮቹ «የሚከፈልበትን በነጻ ጫንልህ» ብለው በሼር ወይም በቴሌግራም ፋይል ይጭኑላችኋል። ያ ፋይል ከፕሌይ ስቶር የመጣ አይደለም፣ ማን እንደነካካው አታውቁም። የመኪና ሙቀት ለማየት አጭር መልእክት ማንበብ ምን ይሠራለታል? ቴሌብርና የባንክ አፕ ያለበት ስልክ ላይ ይህን ፈቃድ አትስጡ። ነጻዎቹ የፕሌይ ስቶር አፖች ለተራ ሰው ይበቃሉ። ኢንተርኔት ሲኖር አውርዱ፤ አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ።

«ነዳጅ ቆጣቢ» እየተባለች እዚሁ ሶኬት ላይ የምትሰካ ሌላ ዕቃም አለች። ተፈታ የታየችው ውስጥ መብራት ከማብለጭለጭ ያለፈ የሚሠራ ነገር የለም። ወዲያ በሏት።

ለመግዛት የወሰናችሁ ሰዎች፣ ብር ሳትከፍሉ በራሳችሁ መኪና፣ በራሳችሁ ስልክ ትሰካ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ስትረግጡ የዙሩ ቁጥር አብሮ መውጣቱን እዩ። ለራሳችሁ ሞዴል ካልሠራች እንደምትመለስ በደረሰኝ ይጻፍላችሁ። ከገዛችኋት በኋላም ስታቆሙ ንቀሏት። ሶኬቱ ቁልፍ ቢዘጋም ከባትሪው ኃይል ያገኛል። ነዳጅ እስኪገኝ ብላችሁ መኪናውን ለረጅም ጊዜ ካቆማችሁት ባትሪያችሁን ቀስ አድርጋ ትጨርሰዋለች።