የጽሑፍ ውል ለሌላት ሠራተኛ የቆመ አገልግሎት፦ የአንድ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ግምገማ

የእህቴ ልጅ ከሁለት ዓመት በላይ የሠራችበት ዳቦ ቤት ባለቤት፣ የዓመት ፈቃዷን በመጠየቋ ብቻ ከሥራ አሰናበታት። በእጇ አንድም የቅጥር ወረቀት ስላልነበረ ጎረቤቱም ዘመዱም «ያለ ውል ምን ይዘሽ ትከሺዋለሽ?» እያለ ተስፋ አስቆርጧት ነበር። አንድ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ወደከፈተው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይዣት የሄድኩት በዚህ ጊዜ ነው። አገልግሎቱን በአብዛኛው የሚመሰገን፣ በአንድ ነገር ግን በብርቱ የሚወቀስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የተቀበለን ወጣት አማካሪ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት የተሰናበተችበትን ቀን ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝና ከስንብት የሚመነጩ ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። ከዚያም የብዙ ሰው ስጋት የሆነውን ነገር በግልጽ አስረዳን፦ የሥራ ውል በቃልም ቢሆን ይጸናል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው፤ አሠሪው ይህን ባለማድረጉም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የድርጅቱ ትንሽነትም ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣውም።

ማዕከሉን ከልቤ የማመሰግነው ግን ማስረጃ በማሰባሰብ ረገድ ባሳየው ትጋት ነው። ደመወዟ በቴሌብር የገባባቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አስወጥተው በየወሩ አሰናዷቸው። በየማለዳው ለሱቆች የሚከፋፈለውን ዳቦ በራሷ እጅ ስትመዘግብበት የነበረውን የርክክብ ደብተር ፎቶ በስልኳ ውስጥ አገኙ፤ ዳቦውን የሚያመላልሰውን ባለባጃጅም በምስክርነት አስቆጠሩ። ከሁሉ የጠቀማት «ቁልፉን ለዘበኛው ስጪው፣ ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ» የሚለው የአሠሪው አጭር መልእክት ነበር፤ እኛ ለማስረጃነት ይበቃል ብለን አስበነው አናውቅም። አሠሪው በመልሱ «አልፎ አልፎ ታግዘኝ ነበር እንጂ ሠራተኛዬ አይደለችም» ብሎ ሲከራከር ይህ ሁሉ ተደምሮ ክርክሩን ውድቅ አደረገው። ወደዚያው ቤት መመለስ ስላልፈለገች ሕጉ የሚፈቅደውን ካሳ፣ ማለትም የአማካይ የቀን ደመወዟን 180 እጥፍ፣ እንዲሁም ከአንድ ዓመት በላይ ላገለገለ ሠራተኛ የተደነገገውን የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ጠይቃ ተፈረደላት። ለክሱም የዳኝነት ክፍያ አልተጠየቀችም።

ወረፋው ረጅም፣ ክፍሉም ጠባብ ነው፤ ይህን መታገስ ይቻላል። የማይታለፈው ጉድለት ማዕከሉ ዩኒቨርሲቲው ለእረፍት ሲዘጋ አብሮ መዘጋቱ ነው። የ3 ወሩ ይርጋ በክረምት አይቆምም፤ ሐምሌ ላይ የተባረረ አስተናጋጅ ወይም ጋጋሪ በሩ ተቆልፎ አግኝቶ፣ ሲከፈት ልመለስ ብሎ ቢጠብቅ ወደ ሥራ የመመለስ መብቱ እጁ ላይ ያልቅበታል። በሩ ላይ ግን «ለእረፍት ተዘግቷል» ከሚል በስተቀር ምንም አልተለጠፈም።

አጠገባችን ተቀምጣ ለነበረች የቤት ሠራተኛ፣ አዋጁ በግለሰብ ቤት የሚሠሩትን ስለማያካትት ጉዳይዋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደሚታይ በትዕግሥትና በአክብሮት ሲያስረዷት ሰምቻለሁ። ልፋቷ ከማንም የማያንስ ሴት ከሌላው ሠራተኛ ያነሰ ጥበቃ ማግኘቷ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ ግን የአማካሪዎቹ አይደለም።

ውል የለኝም ብሎ ለተቀመጠ ሠራተኛ ሁሉ ይህን አገልግሎት ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። ስልኩን መልእክቶቹን ሳያጠፋ ይዞ፣ የተሰናበተበትን ቀን በትክክል ጽፎ፣ በተቻለ ፍጥነት ይሂድ። ማዕከሉም ቢያንስ ለክረምቱ ሁለት ተረኛ አማካሪዎችን ቢመድብ፣ ይህ ካልተቻለም የይርጋውን ጊዜና የክስ ማመልከቻ ማስገቢያውን ቢሮ ቁጥር በሩ ላይ በትልልቁ ጽፎ ቢለጥፍ እጠይቃለሁ።