ለአየርላንድ ወዳጅ መጽሐፍ ስትሰጡ፦ የትኛው መጽሐፍ? የትኛው እትም?

የአየርላንድን ባህል ለሚወድ ሰው ስጦታ ሊገዛ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመለሰው የጀምስ ጆይስን «ዩሊሲስ» ነው። ስሙ ገናና ነው፤ ጥራዙም ዓይን ይሞላል። ተቀባዩ ጆይስን አንብቦ የማያውቅ ከሆነ ግን ገና በሦስተኛው ክፍል ይቆማል፤ ስቲቨን ዲዳለስ ብቻውን በባሕር ዳርቻ እያሰበ የሚሄድበት ክፍል ያለ ማብራሪያ ለብዙዎች አይገፋም። ስለዚህ አጭሩን አስቀድሙ እንላለን።

የመጀመሪያ ምርጫችን የክሌር ኪገን «ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚዝ» ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ ገጽ ብዙም አያልፍም፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ጊዜው የ1985 የገና ሰሞን፣ ቦታው በዌክስፈርድ ያለችው የኒው ሮስ ከተማ ነው። ቢል ፈርሎንግ የተባለ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ጭነት ሊያደርስ ወደ ገዳም ይሄዳል፤ እዚያ ያየው ነገር ከሕሊናው ጋር ያፋጥጠዋል። ከጀርባው ያለው የማግዳሌን ልብስ ማጠቢያ ቤቶች፣ ማለት መነኮሳት ያስተዳድሯቸው የነበሩና ሴቶች ተዘግተው ያለ ደመወዝ የሚሠሩባቸው ቤቶች ታሪክ እውነተኛ ነው፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነበር። ኪገን አታስተምርም፣ አታለቅስም፤ ከተማው ሁሉ እያወቀ ዝም ያለውን ነገር በሰዎች አነጋገር ብቻ ታሳያለች። የአየርላንድን ሙዚቃና አረንጓዴ መስክ ለሚወድ፣ አገሪቱን ግን ከዚያ አልፎ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። ከበድ ይላል የምትሉ ከሆነ የዚችው ደራሲ «ፎስተር» አለ፤ በአንድ በጋ ዘመዶቿ ዘንድ የተላከች ልጅ ታሪክ ነው። ከእሱ የተሠራው የአይሪሽ ቋንቋ ፊልም በ2023 ለኦስካር ታጭቷል። ፊልሙን ያየና የወደደ ሰው ካወቃችሁ ሌላ አትፈልጉ።

«ዩሊሲስ» የሚገባው በ1914 የወጣውን «ደብሊነርስ» አንብቦ ለወደደ ሰው ነው። በነዚያ 15 አጫጭር ታሪኮች ውስጥ የታዩ ሰዎች፣ ለምሳሌ ማርቲን ከኒንግሃም፣ በትልቁ መጽሐፍ ተመልሰው ይመጣሉ። የሚያስቸግረው የእትሙ ምርጫ ነው። ጆይስ የሞተው በ1941 ስለሆነ በአውሮፓ የቅጂ መብቱ በ2011 መጨረሻ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የፈለገ ያትመዋል። ርካሾቹ እትሞች የሚበላሹበት ቦታ የታወቀ ነው። ሰባተኛውን ክፍል ግለጡ፦ የጋዜጣ አርእስት የመሰሉ አጫጭር መስመሮች ከጽሑፉ ተለይተው መቆም አለባቸው፤ ከአንቀጹ ጋር ከተደባለቁ መልሱት። ቀጥሎ አሥራ ሰባተኛው ክፍል የሚያልቅበትን እዩ፦ እዚያ ጉልህ ጥቁር ነጥብ መኖር አለበት። ጆይስ አስቦበት ያስገባው ነው፤ የቀለም ነጠብጣብ መስሏቸው ያጠፉት አሳታሚዎች ግን አሉ። በመጨረሻም የዋናው ገጸ ባሕርይ የሊዮፖልድ ብሉም ሚስት የሞሊ ሐሳብ የሚፈስበትን መዝጊያ ክፍል ተመልከቱ። ሥርዓተ ነጥብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ፊደሉ ከደቀቀና ኅዳጉ ከጠበበ ዓይን መስመር እየሳተ ይደክማል።

ለብቻው ለሚያነብ ሰው የኦክስፎርድ ወርልድስ ክላሲክስን እትም እንመርጣለን። የ1922ቱን የመጀመሪያ ኅትመት እንዳለ ያቀርባል፤ የዚያን ጊዜ የማተሚያ ቤት ስሕተቶችም አብረው አሉ። ማብራሪያዎቹ መጨረሻ ላይ ስለሆኑ ሁለት ዕልባት ጨምሩበት፤ አንዱ ለጽሑፉ፣ ሌላው ለማብራሪያው። በቡድን ለሚያነብ ወይም ለሚያጠና ሰው ግን ጋብለር የተባለ ምሁር አርሞ በ1984 ያወጣው እትም ይሻላል፤ በኅዳጉ ላይ የመስመር ቁጥር ስላለው «እዚህ ጋ» ለመባባል ያመቻል። ታሪኩ የሚውለው ጁን 16 ቀን 1904 ስለሆነ የስጦታውም ቀን በየዓመቱ ጁን 16 ነው፤ የጆይስ ወዳጆች ዕለቱን ብሉምስዴይ (የብሉም ቀን) ብለው ያከብሩታል።

ግጥም ለሚወድ፣ በ1995 ኖቤል ከተሸለመው ከሼመስ ሂኒ ሥራዎች በ2018 የወጣው «100 ፖየምስ» አያሳፍርም፤ ግጥሞቹን የመረጡት ቤተሰቦቹ ናቸው። የሌላውን የአየርላንድ ገጣሚ የዬትስን መድበል ስትገዙ ደግሞ ከኋላ የመጀመሪያ ስንኞች ማውጫ መኖሩን አረጋግጡ። ሰው የዬትስን ግጥም የሚያስታውሰው በርእሱ ሳይሆን በስንኙ ስለሆነ ማውጫ የሌለው መድበል አይጠቅምም።

የጥንት ተረኮችን ለሚወድ «ዘ ቶይን» አለ፤ የንግሥት ሜቭና የጀግናው ኩኹለን የከብት ዘመቻ ታሪክ ነው። በ1969 የወጣው የቶማስ ኪንሴላ ትርጉም ከሉዊ ለ ብሮኪ የጥቁር ቀለም ብሩሽ ሥዕሎች ጋር ሲሆን ውብ ነው። የዲርድራን የመሰሉ መንደርደሪያ ታሪኮችም ስላሉት አዲስ አንባቢ አይደናገርም። ሥዕሎቹ መኖራቸውን ሳታዩ አትክፈሉ።

አይሪሽ ቋንቋ እየተማረ ላለ ሰው ሲገዛ የሚሠራ ስሕተት አለ፦ መልኩ ስለማረከ ብቻ አሮጌ መጽሐፍ መስጠት። የቋንቋው አጻጻፍ በ1958 ወጥ ደንብ ስለወጣለት ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ፣ በተለይ በጥንቱ የጌሊክ ፊደል ቅርጽ የተጻፈ፣ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል። የሚሻለው ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ያሉበት ነው። የዲረን ኒ ግሪፋ «ኤ ጎስት ኢን ዘ ትሮት» ለዚህ ይሆናል። ባሏ አርት ኦ ሊሪ በ1773 የተገደለባት አይሊን ዱብ የገጠመችለትን ሙሾ ተከትሎ የሚሄድ ድርሰት ነው፤ ሙሾውም በአይሪሽና በእንግሊዝኛ መጨረሻ ላይ ተያይዟል። ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው ይህ መጽሐፍ ነው ብንል አናጋንንም።

የኤድና ኦብራየን «ዘ ካንትሪ ገርልስ» በ1960 ሲወጣ አየርላንድ ውስጥ ታግዶ ነበር፤ ዛሬ በነጠላም፣ ከሁለቱ ተከታዮቹ ጋር በአንድ ጥራዝ ሆኖም ይሸጣል። ጥራዙን ግዙ። ለአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ በታላቁ ረሃብ ዘመን ወንድምና እኅቶች የሚሰደዱበት የማሪታ ኮንሎን ማኬና «አንደር ዘ ሆውቶርን ትሪ» ይሁን። የአየርላንድ ምልክት የሆነው ባለ ሦስት ቅጠል ሻምሮክ የተሣለባቸውን የምርቃትና የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስቦች እለፏቸው፤ አብዛኞቹ አባባሉ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደተረጎመው እንኳ አይናገሩም።

ደብሊን የሚያልፍ ወዳጅ ካላችሁ ዶውሰን ጎዳና ላይ ያለው ከ1768 ጀምሮ የቆየው ሆጅስ ፊጊስ የተባለ የመጻሕፍት መደብር ይግባ፤ ስሙ «ዩሊሲስ» ውስጥም ተጠቅሷል፣ ይህም ራሱ ለስጦታው ጣዕም ይጨምራል። አየርላንድ ውስጥ በሚሸጥ የታተመ መጽሐፍ ላይ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ ነው። ያገለገለ «የመጀመሪያ እትም» ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፦ ደራሲው የፈረመበት ሁሉ የመጀመሪያ እትም አይደለም፤ የወረቀት ልባሱ የጠፋበት መጽሐፍም ዋጋው በጣም ይወርዳል። ሻጩ የልባሱንና የቅጂ መብት ገጹን ፎቶ ካልላከላችሁ ገንዘብ አትላኩ።