ሌጎ የምትሸጡ ሁሉ፣ ይህችን ባለሙያ ሳታውቁ ካርቶናችሁን ለማንም አትስጡ

ያገለገለ ሌጎ፣ ያንን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መጫወቻ፣ በኪሎ ገዝታችሁ በፍሬ የምትሸጡ ወገኖች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ድብልቅልቁ የወጣ ካርቶን ተቀብላ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለይታ፣ መለያ ቁጥሩን አውጥታ፣ ቀለሙንና ይዞታውን መዝግባ የምታስረክብ ባለሙያ አለች። እጇ ይባረክ! ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ሥራዋን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ በዚህ ሥራ ስም የሚነግደው በዝቷልና።

መጀመሪያ ምሬቱን ላውጣው። እነማን እንደሆኑ አልናገርም፤ የሚያስረክቡት ግን ይህን ይመስላል። ቁራጩን በቀለም ይከምሩታል፦ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ሲያዩት ያምራል፣ ለሥራ ግን አይረባም። ጥቁር ክምር ውስጥ አንዲት ጥቁር ፒን (ትንሽ ማያያዣ) መፈለግ ዓይን ማፍሰስ ነው። በቅርጽ የተለየ ክምር ውስጥ ግን ቀለሙ ራሱ ይጮሃል። ቀጥለው ስልክ ያወጡና ፎቶ አንስተው መተግበሪያው የሰጣቸውን ቁጥር ሳያገላብጡ ይለጥፋሉ። እንደ ብሪኮግናይዝ ያለ መተግበሪያ ቅርጽ ለመጠቆም ጎበዝ ነው። ከላይ የተነሳ ፎቶ ግን የቁራጩን ሆድ አያሳይም፣ የቀለም ነገር ደግሞ በፎቶ አይታመንም። ሙሉ ስብስብ፣ ማለትም በአንድ ሳጥን የሚሸጥ ሙሉ ሞዴል፣ ሲሆን ደግሞ ከክፍሎቹ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ሳያመሳክሩ «ምንም አልጎደለውም» ብለው ይጽፋሉ። ገዢው ቆጥሮ ጉድለቱን ሲያገኝ ወቀሳው የሚወርደው በሻጩ ላይ ነው፤ እነሱ ሒሳባቸውን ተቀብለው የውሃ ሽታ ሆነዋል።

እጥበቱማ አይነሳ። ሁሉንም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨምረው በሙቅ ውሃ ያሽከረክሩታል። እንደ መስታወት የሚያሳልፉት ቁራጮች ከሌሎቹ ጋር ተፋትገው ደብዝዘው ይወጣሉ፣ ተለጣፊው ይላጣል፣ ስሱ ነገር ይጣመማል። አምራቹ ራሱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ውሃ አትጠቡ እያለ! ከዚያ በኋላ «ንጹሕ» ተብሎ የሚመጣው ዕቃ ሳይታጠብ ቢቀር በተሻለ ነበር።

አሁን ወደ እሷ። የመጀመሪያ ሥራዋ ከስንዴው እንክርዳዱን ማውጣት ነው። ቁራጩ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ክብ ጉብታ አናት ላይ የሌጎ ስም በትንሹ ተቀርጾ አለ፤ ጉብታ የሌለው ልሙጥ ታይል ከሆነ ከሥሩ ይፈለጋል። ስሙ ከሌለ ሌላ ኩባንያ የሠራው ተመሳሳይ ነው፤ ቢገጥምም ሌጎ ተብሎ አይሸጥም። ለሕፃናት የሚሠራው ዱፕሎ በየጎኑ እጥፍ ስለሆነ ወዲያው ይታያል። ያስቸገረው የተመሳሳዩ ትንንሽ ፍሬ ነው፣ እሱን በጣት ትለየዋለች፦ ሲገጠም ወይ ይላላል ወይ ይጠብቃል። የወጣውን ተመሳሳይ ለብቻው መዝና፣ ክብደቱን ጽፋ ትመልሳለች። ለእሱ አታስከፍልም። ይህን ደግሞ የጠየቃት ማንም ሳይኖር ነው የምታደርገው፤ ሌላው ጋ እንክርዳዱም በኪሎ ይታሰባል።

ከዚያ በቅርጽ ትመድባለች። መደበኛው ጡብ 9.6 ሚሊሜትር ከፍታ አለው፣ ስሱ ጠፍጣፋ ፕሌት 3.2፤ ሦስት ፕሌት ቢደራረብ አንድ ጡብ ያህላል። በጉብታና በጉብታ መካከል ከመሐል እስከ መሐል 8 ሚሊሜትር ነው። እነዚህን የያዘ ሰው የማያውቀውን ቁራጭ እንኳ በጉብታ ቆጥሮ መፈለግ ይችላል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሆዱ በኩል ተቀርጿል፦ 2 በ4 ጡብ (በወርዱ 2፣ በርዝመቱ 4 ጉብታ ያለው) 3001፣ 2 በ2 ጡብ 3003፣ 1 በ2 ጡብ 3004፣ 1 በ2 ፕሌት 3023። መብራቱን ከጎን አድርጋ በማጉያ መነጽር ታነበዋለች፤ ፊት ለፊት ያበራ መብራት ቅርጹን ያጠፋዋል። ይህ ቁጥር የቅርጽ ቁጥር ነው፣ የቀለም አይደለም። ቅርጽና ቀለምን አንድ ላይ የሚገልጸው ረጅሙ ቁጥር ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ መዝጋቢ ሙሉ ዝርዝሩን ያበላሻል።

ሆዱን ገልብጣ የምታየው ለቁጥሩ ብቻ አይደለም። 1 በ2 ጡብ ሆዱ ውስጥ ቀጭን ዘንግ ካለው 3004 ነው፤ ዘንግ ከሌለው 3065 ነው፣ ብርሃን የሚያሳልፉት በዚህ ይመዘገባሉ። 1 በ1 ታይል ከሥሩ ዙሪያውን ቦይ ከሌለው 3070 ኤ፣ ቦይ ካለው 3070 ቢ ተብሎ በካታሎግ ይለያል። የቴክኒክ (ማርሽና ዘንግ ያለው የሌጎ ዓይነት) ፒንም እንዲሁ ነው፦ ጥቁሩ 2780 በግጭት ይጨብጣል፣ ግራጫው 3673 በነጻ ይሽከረከራል። አዙራ ትሞክረዋለች። «ትንሽ ልዩነት ናት» የሚል ካለ የድሮ ስብስብ የሚያሟላ ገዢ ጋ ይሞክራት።

ግራጫው ላይ ነው ችሎታዋ የሚታየው። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 አካባቢ ሁለቱን ግራጫዎች (ፈካ ያለውንና ጠቆር ያለውን) እና ቡናማውን ቀየረ። የድሮው ግራጫ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፣ አዲሱ ወደ ሰማያዊ። የድሮው ቡናማም በቀላ ቡናማ ተተካ። በአምፖል ብርሃን አንድ ናቸው ብላችሁ ትምላላችሁ። እሷ ግን ቀን ጠብቃ፣ መስኮት ሥር፣ ነጭ ወረቀት ዘርግታ፣ በእርግጠኝነት የሚታወቁ አራት ግራጫ ናሙናዎችን ደርድራ የተጠረጠረውን አጠገባቸው ታስቀምጣለች። ፀሐይ ያገረጣው ሲሆን ደግሞ የተሸፈነውን ሆዱን ታያለች፤ ሆዱ ሰማያዊነት ካለው፣ አናቱ ብቻ ቢጫ ከሆነ፣ አዲሱ ግራጫ በፀሐይ የተጎዳ ነው እንጂ የድሮው አይደለም። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የነጣ ከሆነ «ታክሟል» ብላ ትጽፋለች፤ ቀለሙ ተመልሶ ሊቢጭ ይችላላ።

ይህችን ልጅ ያስወደደኝ ግን የትንንሾቹ ሰዎች፣ የሚኒፊገሮቹ ነገር ነው። የአካሉ ክፍል፣ በተለይ እጁ የሚገባበት ብብቱ ሥር፣ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። ፊት ለፊት ሲታይ ምንም የለው። እሷ አንዱን ውድ ሚኒፊገር ይዛ ራሱን አነሳች፣ እግሩን ነቀለች፣ ባዶውን አካል በብርሃን ፊት ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ ስንጥቁ ከብብቱ ወደ ታች ስትወርድ ያኔ ታየች። ክፍያዋ ከሽያጩ በመቶኛ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፣ ድርሻዋም ከፍ ይል ነበር። «ተሰንጥቋል» ብላ ጽፋ፣ ስንጥቁን ብቻ የሚያሳይ ፎቶ አያይዛ፣ በዝቅተኛ ይዞታ መዘገበችው። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ለቀላ ቡናማና ለጥቁር ቀይ ቁራጮችም እንዲሁ ናት፤ ከአንድ ዘመን የወጡት ተሰባሪ በመሆናቸው የታወቁ ስለሆኑ፣ በተለይ መያዣ ጥፍር ያላቸውን፣ በግድ አትነቅልም፣ አንድ በአንድ አይታ ነው የምታሳልፈው።

እጥበቷ በሳፋ፣ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ነው። ሞተር፣ ባትሪ ማስቀመጫ፣ ተለጣፊ ያለው ሁሉ አስቀድሞ ይወጣና በጨርቅ ብቻ ይወለወላል። ብርሃን የሚያሳልፉት ለብቻ ይታጠባሉ። ሲደርቁ ክፍት ጎናቸው ወደ ታች፣ ጥላ ላይ፤ ፀሐይም ፀጉር ማድረቂያም የለም። በሆዱ ውስጥ የቀረ ውሃ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ብዙ ቁጥር ያለውን ቁራጭ በሚዛን ትቆጥራለች፣ ግን በጭፍን አይደለም። 2 በ4 ጡብ ወደ 2.3 ግራም ይመዝናል፤ ከየክምሩ መቶ ፍሬ በእጇ ቆጥራ አማካዩን ታወጣለች፣ በእሱ ታካፍላለች። ምክንያቱም የተለያየ ዘመን ቅርጽ ከተቀላቀለ ክብደቱ ይለያያል። ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ማለት አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ይዞታ ነው፤ ለሻጩ ብቻ በሚታየው የማስታወሻ ቦታ የመሳቢያውን ቁጥር ትጽፋለች፣ ትእዛዝ ሲመጣ ፍለጋ የለም። ዋጋውንም የሌጎ መገበያያ በሆነው ድረ ገጽ በብሪክሊንክ ላይ ሻጮች አሁን ከጠየቁት ሳይሆን ባለፉት ስድስት ወራት ከተሸጠበት አማካይ ተነስታ ትጠቁማለች። የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠ ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ነቀፋ ካለኝ ፍጥነቷ ነው። አትቸኩልም። ነገ ይድረስልኝ የሚል ሌላ ይፈልግ፤ ትክክል ይሁንልኝ የሚል ግን እሷን ይያዝ፣ ደግሜ እላለሁ እሷን ይያዝ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ከመላካችሁ በፊት ግን አትጠቡት። ተገጣጥሞ ያለውን አትበታትኑት፣ የየትኛው ስብስብ ክፍል እንደሆነ እሱን አይታ ትነግራችኋለች። የመገጣጠሚያ መመሪያ ወረቀት ካለ፣ የተቀደደም ቢሆን፣ አብራችሁ ጨምሩ፤ የስብስቡ ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ከካርቶኑ ሥር የቀረውን አቧራም አታራግፉት፤ የሚኒፊገር እጅና 1 በ1 ፍሬ የሚገኘው እዚያ ነው።