ለክብ ቤት የትኛው የኮንክሪት መሠረት ይሻላል? ክብ፣ ስምንት ማዕዘን ወይስ ካሬ

ክብ ቤት ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ላሊበላ ላይ በድንጋይ ክብ ተደርገው የተሠሩ ባለ ፎቅ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። አዲሱ ነገር ከሥር የምናነጥፈው ኮንክሪት ነው። ሎጅ ወይም ቡና ቤት ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ «ቤቱ ክብ ከሆነ መሠረቱም ክብ መሆን አለበት ወይ?» ይሉኛል። የግድ አይደለም።

ከዳር እስከ ዳር 8 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ፤ የወለሉ ውፍረት 15 ሳንቲሜትር ይሁን። የጠርዙን ቢም (ዳር ዳሩን የሚዞረውን ወፍራም ኮንክሪት) ሳንጨምር ክቡ 7.5፣ ስምንት ማዕዘኑ 8፣ ካሬው 9.6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈጃል። የካሬው ማዕዘኖች ከግድግዳው 1.66 ሜትር ወጥተው ይቀራሉ፤ የክረምቱ ዝናብ እዚያ ላይ እያረፈ ወደ ግድግዳው ሥር ይረጫል። በረንዳ ለማይፈልግ ሰው ካሬውን አልመክርም።

ክቡ በሲሚንቶ ይቆጥባል፣ በጉልበት ያስከፍላል። አናጢው መሃል ላይ ችካል ተክሎ ክቡን በሲባጎ ያዞራል፤ ቀጭን ኮምፔንሳቶ እያጎበጠ በየ40 ሳንቲሜትሩ በችካል ይደግፋል። ችካሉ ከሳሳ እርጥቡ ኮንክሪት ሻጋታውን ይገፋዋል። አንድ ጊዜ ኮንክሪቱ እንደተሞላ ሲባጎውን መልሼ ሳላዞር ቀረሁ፤ በማግስቱ ጠርዙ በአንድ ወገን 6 ሳንቲሜትር ወጥቶ ደርቆ አገኘሁት። በመሮ ከመቀጥቀጥ በቀር መላ አልነበረውም። ፌሮውም እያንዳንዱ በየራሱ ቁመት ይቆረጣል። ጎበዝ ፌራዮ ከ12 ሜትሩ ፌሮ ለመሃሉ 7.90 ከቆረጠ በኋላ ቀሪውን 4.10 አይጥለውም፤ ከመሃሉ 3.4 ሜትር ያህል ርቆ ጠርዙ አጠገብ ልክ ይገባለታል።

የእኔ ምርጫ ስምንት ማዕዘኑ ነው። እያንዳንዱ ጎን 3.31 ሜትር ስለሆነ ባለ 4 ሜትር ጣውላ ይበቃዋል። ማዕዘኑ ከክቡ የሚወጣው 33 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ የጣሪያው ክፈፍ ይሸፍነዋል። ስንጥቅ የሚጀምረው ግን ከማዕዘን ነው። ስለዚህ የጠርዙ ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ ማዕዘኑ ላይ ታጥፎ ከሚቀጥለው ጋር ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይደራረብ። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬንና ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ከደቡብ ወሎ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ጠርዙ እንደ ቀለበት ሳይቋረጥ መዞር ያለበት ለዚህ ነው።

ከሦስቱም በፊት አፈሩን እዩ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ በስሱ በስሱ እየተደለደለ ካልተጠቀጠቀ ማናቸውም ወለል አይተርፍም። ደሴ እንዳለው እንደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ተዳፋት ላይ ደግሞ ግማሹ በተቆረጠ መሬት፣ ግማሹ በሙሊት (ተሞልቶ በተስተካከለ አፈር) ላይ የሚያርፍ ወለል አታስነጥፉ፤ ሙሊቱ ሲሰርግ ቤቱ መሃል ለመሃል ይከፈላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሦስቱንም ትቼ ደረጃ በደረጃ የወረደ የድንጋይ መሠረት አስገነባለሁ።