የጊብሰንተን የካርኒቫል ሙዚየም፦ ጉድ ለማየት ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ

ፍሎሪዳ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኦርላንዶ ላይ ኪሱን አራግፎ ይመለሳል። እኔ ግን ከታምፓ ወደ ደቡብ ትንሽ ነዳ አድርጋችሁ ጊብሰንተን ጎራ በሉ እላለሁ። እዚያ ኢንተርናሽናል ኢንዲፔንደንት ሾውመንስ ሙዚየም የሚባል ቦታ አለ። ያቋቋሙት የካርኒቫል፣ ማለትም ከከተማ ከተማ የሚዞር የመጫወቻ ማሽንና የትርኢት ሥራ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሁለት ፎቅ ነው፣ ሁለቱም ጢም ብለዋል። ባጭሩ ወድጄዋለሁ። ለምን እንደወደድኩት ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ከተማዋ ትንሽ ማውራት አለብኝ።

የአሜሪካ ካርኒቫል የሙቀት ወራት ሥራ ነው። ማሽኑን በመኪና ወይም በባቡር ጭኖ መሄድ፣ መትከል፣ ጥቂት ቀን መሥራት፣ ሌሊቱን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ከተማ መጓዝ። ብርዱ ሲገባ ግን የሆነ ቦታ ማረፍ ግድ ነው፣ ማሽንም ይጠገናል፣ ቀለምም ይቀባል። ብዙዎቹ የመረጡት ጊብሰንተንን ነው። አል ቶማይኒ የሚባል፣ ማስታወቂያው ላይ ቁመቱ 8 ጫማ ከ4 ኢንች ነው ይባልለት የነበረ ሰው፣ ያለ እግር ከተወለደችው ከባለቤቱ ከጂኒ ጋር እዚህ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ምግብ ቤትና የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ከፈተ፣ የእሳት አደጋ አለቃም ሆኖ አገልግሏል። ፖስታ ቤቱ ቁመታቸው አጭር ለሆኑ ደንበኞች ዝቅ ያለ መስኮት ነበረው። የአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ደግሞ ሰው ግቢው ውስጥ የካርኒቫል ማሽንና የሰርከስ እንስሳ እንዲያቆም ይፈቅድ ነበር። ጎረቤታችሁ ዝሆን አሰረ ብላችሁ ብትከሱ የሚሰማችሁ የለም ማለት ነው።

ወደ ሙዚየሙ ስንመጣ፣ ልቤን የወሰደው ፌሪስ ዊሉ፣ ሰው ተሳፍሮበት ወደ ላይ እየዞረ የሚወጣው ትልቁ ጎማ ነው። እዚያው ጣሪያ ሥር ቆሞ ታዩታላችሁ፣ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቀረ ነው። ይህን ነገር ለማድነቅ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ፌሪስ ዊል እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ለዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተተከለው ነው። 80 ሜትር ቁመት፣ 36 የተሳፋሪ ሳጥን፣ በአንድ ዙር ከ2 ሺህ በላይ ሰው። ግሩም ነው፣ ግን ንቅንቅ አይልም። እዚያ ተሳፍሮ ፍቅር የያዘው ዊልያም ሰሊቫን የሚባል ድልድይ ሠሪ ነበር። እሱ ያሰበው ሌላ ነገር ነው፦ ይሄ ጉድ ተፈታትቶ ቢጫንስ? በ1900 ኢሊኖይ ውስጥ ጃክሰንቪል ላይ የራሱን ሠርቶ አቆመ። 14 ሜትር አካባቢ ብቻ። በኋላ ያቋቋመው ኢላይ ብሪጅ ካምፓኒ ትናንሽ ከተሞችን ሁሉ በፌሪስ ዊል አዳረሰ። ካርኒቫል ካርኒቫል የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። እና ሙዚየሙ ውስጥ ቀና ብላችሁ መብራቱን ብቻ አትዩ። ጎንበስ በሉና ብረቱ ከብረቱ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ተመልከቱ። ያ ነገር በዝናብም በጭቃም፣ በደከመው ሰው እጅ፣ በጨለማ እንዲፈታ ታስቦ የተሠራ ነው።

ከዚያ ሸራዎቹ አሉ። የ«ጉድ እዩ» ድንኳን፣ ማለት ለየት ያለ አካል ያላቸው ሰዎችና እንግዳ ነገሮች የሚታዩበት ድንኳን፣ ፊት ለፊት የሚሰቀሉት ትልልቅ ሥዕሎች። ከሩቅ ስታዩት ቀለሙ ይጮኻል፣ ቀረብ ስትሉ ደግሞ ተጠቅልሎ የኖረበት መስመር ላይ ተሰነጣጥቋል። ጥግ ላይ በክብ ውስጥ «በሕይወት ያለ» የሚል ጽሑፍ ይጨመርባቸው ነበር፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ድንኳን ውስጥ የሚጠብቃችሁ ማሰሮ ውስጥ የተዘፈዘፈ ነገር ነበርና። ማስታወቂያ ድሮም ማስታወቂያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጎብኚ የሚመጣው ለዚህ ክፍል ነው፣ ፎቶ አንስቶ ተሳስቆ ይወጣል። ደስ አይለኝም። ድንኳኑ ውስጥ ይታዩ የነበሩት ሰዎች በመልካቸው ምክንያት ተገደው የገቡ ምስኪኖች ነበሩ የሚለውም ወሬ ሙሉ አይደለም። ፍሎሪዳ የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው ለትርኢት ማቅረብ የሚከለክል ሕግ ነበራት። ሕጉን ፍርድ ቤት ወስደው የሞገቱት የሥራው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። እንጀራችን ነው፣ ተዉን ነው ያሉት። ብዝበዛ አልነበረም እያልኩ አይደለም፣ ነበር። ግን ከእነሱ በላይ ስለ እነሱ የሚቆረቆር ሰው ሲበዛ ያሳስበኛል።

ስለ ሽልማቶቹ ሳልናገር አላልፍም። ድሮ በጨዋታ ያሸነፈ ሰው የሚወስደው ከጄሶ የተሠራ አሻንጉሊት ነበር። ቀለሙ በችኮላ የተቀባ፣ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ያለ። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም አላስቀመጠውም፣ ተሰብሮ አለቀ። የካርኒቫል ቅርስ ችግሩም ይሄው ነው። የሚጠቅመው ዕቃ እስኪያልቅ ይሠራበታል፣ የማይጠቅመው መንገድ ላይ ይጣላል፣ ለዘላኑ ሰው ማስቀመጫ ቦታ ራሱ ሸክም ነው።

የኤልቪስ ፕሪስሊ ማናጀር የነበረው ኮሎኔል ቶም ፓርከርም ከዚህ ዓለም ነው የወጣው። የብርዱን ወራት ታምፓ ያሳልፍ ከነበረው ሮያል አሜሪካን ሾውስ ከሚባለው ተጓዥ ካርኒቫል ጋር ሠርቷል። ኤልቪስን እንዴት እንደሸጠው አስቡትና ሸራዎቹን መልሳችሁ እዩ።

አሁን ያሉትን ሠራተኞች ደግሞ አትርሱ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ማሽኑን ከሚተክሉትና ከሚነቅሉት ብዙዎቹ በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የሚመጡ ሜክሲኳውያን ናቸው፣ በተለይ ቬራክሩዝ ግዛት ውስጥ ካለችው ትላፓኮያን ከተማ። የሥራ ጓንታቸው፣ ወደ ቤት የላኩት ፎቶ፣ የስልክ ቪዲዮአቸው ከአሁኑ መሰብሰብ አለበት። የጄሶው አሻንጉሊት ዕጣ እንዳይደርሰው።

ለማን ይሆናል? ማሽን ለሚወድ፣ የድሮ ፎቶ ላይ ለሚፈዝ፣ ሥራና ሠራተኛ ለሚያስደስተው ሰው አሪፍ ነው። ልጆች ይወዱታል፣ ግን መሳፈር አለ ብላችሁ አታጓጓቸው። በየቀኑ የሚከፈት ቦታ ስላልሆነ ሳትደውሉ አትሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የካርኒቫል ሰዎች ማኅበር እዚያው ጊብሰንተን ውስጥ በየዓመቱ የካቲት አካባቢ የንግድ ትርኢት ያካሂዳል፣ አዳዲስ ማሽኖች የሚሸጡበት ነው። ጉዟችሁን ከዚያ ጋር ካገጣጠማችሁ ከባለሙያዎቹ ጋር የመገናኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ካገኛችኋቸው ስለ ጉድ አትጠይቁ፣ ስለ መትከልና መንቀል ጠይቁ፣ ወሬው የሚጥመው እዚያ ጋ ነው።