ከለቡ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፦ መስኮት ግዙ፣ አልጋ አትግዙ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ባቡሩ ጥሩ ነው፤ ከመስኮቱ የሚታየው አገር ደግሞ ከጥሩም በላይ ነው። መሃል ገብቶ ትኬቱን የሚሸጥላችሁ ሰው ግን ገንዘባችሁንም እይታችሁንም ይዞባችሁ ይሄዳል። ለገና ወይም ለጥምቀት ከአሜሪካ፣ እንደ እኔ ከዴንቨር፣ አገር ቤት ገብታችሁ «አንዱን ቀን ደግሞ በባቡር» ያላችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

«ቪአይፒ» እየተባለ ከሚሸጠው ነገር እንጀምር። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) በዶላር ያስከፈለኝ ዋጋ፣ ትኬቱ ላይ በብር ከታተመው አምስት እጥፍ ይበልጣል። ሰው ለድካሙ ይከፈለው፤ አዲስ አበባ ዳር ያለው ለቡ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ተሰልፎ መቁረጥ ሥራ ነው። የሚያናድደው «ይህ የባቡሩ ዋጋ ነው፣ ይህ የእኔ ነው» ብሎ አለመለየቱ ነው። ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል መልሱ «ለውጭ ዜጋ ነው»፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አለኝ ሲባል «እሱ ለሆቴል ነው»፤ ትኬቱን በፎቶ ላክልኝ ሲባል ደግሞ «ጠዋት ጣቢያ ላይ ታገኙታላችሁ» ነው። ትኬቱን ከመንገዱ ቀን በፊት የማያሳይ ሰው የሚደብቀው በላዩ የታተመውን ዋጋ ነው። የቀረውን ምክንያት ሁሉ እርሱት።

ይባስ ብሎ በዚያ ዋጋ የሚሸጠው የላይኛው አልጋ ነው። ይህ ለምን ማታለል እንደሚሆን ለመረዳት ፉርጎዎቹ እንዴት እንደተሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የቻይና ሥሪት ናቸው፤ ዓይነታቸውም ሦስት ነው። አንዱ መቀመጫ ብቻ ያለው ነው፤ በመተላለፊያው አንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ወንበሮቹም ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሁለተኛው በር የሌለው ባለ ስድስት አልጋ ነው፤ ታች፣ መሃል፣ ላይ እየተባለ ሦስት ደርብ አለው። ሦስተኛው በር ያለው ባለ አራት አልጋ ሲሆን «ቪአይፒ» እያሉ የሚሸጡት እሱን ነው። የአልጋ ፉርጎ መተላለፊያው በአንድ ጎን በኩል ስለሚያልፍ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው የአገሩን ግማሽ ብቻ ነው። መስኮቱ ደግሞ ከታችኛው አልጋ ትይዩ ነው። ላይ የወጣው ሰው ጣሪያው አፍንጫው ሥር ይመጣበታል፤ ተነስቶ እንኳ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይቸግረዋል። ጉዞው የቀን ነው፣ ማንም አይተኛም፤ ስለዚህ የላይኛው አልጋ ባለቤት ቀኑን ሙሉ የታችኛውን ሰው «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» እያለ ሲለማመጥ ይውላል። ታችኛው በዋጋም ከላይኛው የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። አስጎብኚው ርካሹን ገዝቶ በውዱ ስም ይሸጥላችኋል ማለት ነው።

እንግዲህ አልጋ ውስጥ ከገባችሁ መላው ቀላል ነው፤ በመተላለፊያው ላይ ከግድግዳው የሚታጠፉ ትንንሽ ወንበሮች አሉ፣ በጊዜ አንዱን ያዙ። ከመጀመሪያውኑ የምትመርጡ ከሆነ ግን ተራውን መቀመጫ፣ ሁለት ሰው ከሚቀመጥበት ወገን፣ መስኮት ዳር፣ ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ በቀኝ በኩል ብላችሁ ጠይቁ። ሕፃን ወይም ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ የያዘ ሰው የታችኛውን አልጋ ቢገዛ አይፈረድበትም። የሚቀጠሉት ፉርጎዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለያዩ፣ «ዛሬ አልጋ አለው?» ብሎ መጠየቅም ደግ ነው።

ከአስጎብኚው ጋር ከመጨረሳችሁ በፊት የታተመውን ዋጋ፣ የፉርጎውንና የመቀመጫውን ቁጥር፣ የእሱን የድካም ዋጋ ለየብቻው በጽሑፍ አስልኩ። ካልላከ ተዉት። አዲስ አበባ ውስጥ የአክስት ልጅ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ የፓስፖርታችሁን ኮፒ ይዞ ለቡ መስኮቱ ላይ ይቆርጥላችኋል። ስማችሁን ግን ፊደል በፊደል ያመሳክርላችሁ። አሜሪካ ዜግነት ስንወስድ ስማችን የተጻፈበት ፊደል ብዙ ጊዜ ከድሮው ወረቀታችን ጋር አይገጥምም፤ አንዳንዱም የአያቱን ስም ጥሎታል። በቢጫ ካርድ የተቆረጠ ትኬትና በአሜሪካ ፓስፖርት የቀረበ ሰው ሲለያዩ፣ የመሳፈሪያው በር ላይ ያለው ሠራተኛ ቢያቆማችሁ እሱ ጥፋት የለበትም። በየትኛው ወረቀት እንደተቆረጠ ጠይቁና በዚያው ቅረቡ።

ስለ ቀኑ። ባቡሩ ዕለት ዕለት አይነሳም፤ አንድ ቀን ይሄዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ቀኑና ሰዓቱ ይቀየራል፤ ከወራት በፊት ዴንቨር ሆናችሁ የሰማችሁትን ይዛችሁ ሆቴል አትክፈሉ። በሳምንቱ ውስጥ አስደውሉ፣ ከመነሻው አንድ ቀን በፊት ደግማችሁ አስደውሉ፣ «ሁለት ሰዓት» ሲሏችሁም በእኛ መሆኑን አረጋግጡ። ለቡ ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው፤ በስልክ ከሚጠሩት ታክሲዎች «ራይድ» ወይም «ፈረስ» ጥሩ። ሻንጣ በማሽን ይፈተሻል፣ ወረቀት ይታያል፤ ስለዚህ መነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ብትደርሱ አይበዛም።

አሁን ወደ መዘግየቱ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ኤሌክትሪክ ነው፣ ለመንገደኛ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ታስቦ ተሠርቷል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን የድሬዳዋ መንገድ በ120 ያካፍለውና በአራት ሰዓት ለምሳ እደርሳለሁ ይላል። አይደርስም። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ እስከ ጅቡቲ ነጠላ ነው። በነጠላው ላይ ሁለት ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ኮንቴይነር የጫነው ከወደብ ሲመጣ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። መስመሩ በዋናነት የሚኖረው በጭነት እንጂ በእኛ አይደለም። በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ መቋረጥ አለ፣ የሽቦ ስርቆት አለ፣ ከመተሐራ ወዲያ ደግሞ ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይገባል፤ እንስሳ ከተገጨ ባቡሩ ይቆማል፣ ከባለቤቱ ጋርም የካሣ ጉዳይ ይመጣል። ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል ቢሏችሁ አሥር ያዙ።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ያህል፦ ዴንቨር ያለን ሰዎች ካሊፎርኒያ ዜፈር የሚባለውን ባቡር እናውቀዋለን። ሮኪ ተራሮችን አቋርጦ በአሥር ኪሎ ሜትሩ የሞፋት ዋሻ ውስጥ ያልፋል፣ ለእይታ ብቻ የተሠራ ባለ ትልልቅ መስኮት ፉርጎ አለው፣ ዋጋውም ከድሬዳዋው ጋር አይወዳደርም። እሱም የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሐዲዱ የጭነት ድርጅቶች ስለሆነ ቆሞ ያሳልፋቸዋል። ልዩነቱ እዚያ ስንት እንደዘገየ በስልካችሁ ታያላችሁ፤ እዚህ ሜዳ መሃል ቆሞ ምክንያቱን የሚነግራችሁ ከጎናችሁ የተቀመጠው ነጋዴ ነው። መዘግየቱን እችላለሁ፤ አለመነገሩ ነው የሚከብደው።

ታዲያ ምን ይታያል? ቢሾፍቱ አካባቢ በግራ የረር፣ በቀኝ ዝቋላ። ከአዳማ እንደወጣችሁ በቀኝ ቦሰት ይመጣል፤ ከዚያ አገሩ እየረገበ፣ እየሞቀ፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየበዛበት ይሄዳል። መተሐራ ላይ ለአጭር ጊዜ ወደ ግራ መዞር አለባችሁ፤ ከ2,000 ሜትር ትንሽ የሚያልፈው ፈንታሌ በዚያ ነው። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ሰው ከቀዬው የተነሳው በዚሁ አካባቢ ስለሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ወቅታዊ ሁኔታውን መጠየቅ ተገቢ ነው። የመንገዱን ፀጥታም እንዲሁ፤ ከውጭ ዜናው ይልቅ እዚያው መስመር ላይ የሚመላለስ ሰው ይነግራችኋል። በስተቀኝ የመተሐራ የሸንኮራ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ይዘረጋል። የአዋሽ ሸለቆ ግን በድልድዩ ላይ ዓይን ሳይከድን የሚያልፍ ነገር ነው፤ አዋሽ ጣቢያን ሲለቅ ስልካችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ዋናው ከአዋሽ ወዲያ ነው። ከሚኤሶ ጀምሮ የጨርጨር ተራሮች በቀኝ በኩል እስከ ድሬዳዋ አይለዩአችሁም። ሐዲዱ ተራራውን አይወጣም፤ ግርጌውን ይዞ በግራር ቁጥቋጦው መሃል ይሄዳል፤ ሙሉ፣ አፍደም፣ ቢኬ እያለ ሰው በሌለበት አገር መሃል በብቸኝነት የቆሙ ትልልቅ ጣቢያዎችን ያልፋል። ቀኝ መስኮት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቅር የሚለው ነገር ቢኖር ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ሙቀቱም የሚገባው በቀኝ ነው። መጋረጃ አለ፤ ማቀዝቀዣውን ግን ባትተማመኑበት ይሻላል። ለእይታ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን የሚያህል የለም፤ ቆላው ሳይቀር ሣር ለብሶ ይቆያል።

ምግብ ይዛችሁ ግቡ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቋንጣ ፍርፍር በዕቃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሶፍት። እንደ ድሮው ባቡር አዋሽ ወርዶ ቡፌ ዳዋሽ ምሳ መብላት የለም፤ አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ ውጭ ናቸው።

ድሬዳዋም እንዲሁ ነው። የምትወርዱት ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ ነው፤ መዘግየት ካለ መሽቶ ነው። ሻንጣውን ያየ ባለ ባጃጅ ዋጋውን በሻንጣው ልክ ይቆርጠዋል፣ ሌላ አማራጭ እንደሌላችሁም ያውቃል። ያረፋችሁበት ሆቴል ሰው እንዲልክ ቀድማችሁ ዋጋ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ድሬ ራሷ ትክሳችኋለች፤ «ከዚራ» ሰፈር ያለውን የፈረንሳዮቹን አሮጌ ጣቢያ ሳታዩ አትውጡ፣ ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. የተወለደችው በእሱ ምክንያት ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ።

«ተራራ ብለኸን ግርጌውን አሳየኸን» የሚለኝ ካለ፣ በማግስቱ ጠዋት በሐረር ሚኒባስ ይሳፈር። ወደ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ከ1,200 ሜትር ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ሲወጣ፣ ትናንት የመጣችሁበት ሜዳ ከኋላችሁ እስከ አድማስ ድረስ ይዘረጋል። ከሹፌሩ ጎን ለመቀመጥ ተራ ጠብቁ፤ ዋጋው ያው ነው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ ስለሚሄደው የባቡር መስመር የምትጠይቁ አላችሁ። ወሎን በዋሻና በድልድይ የሚያቋርጥ እውነተኛ የተራራ መስመር እሱ ነው፤ ግን ይህን ስጽፍ መንገደኛ አያመላልስም።

መመለሻውን በአውሮፕላን አድርጉት። ወደ አገር የገባችሁት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ ዋጋ ይቀንስላችኋል፤ ትኬቱን ስትቆርጡ የዓለም አቀፉን ትኬት ቁጥር ስጡ። ከድሬዳዋ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በባቡር ካልተመለስኩ ያለ ሰው ወደ አሜሪካ ከሚበርበት ቀን በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ይተው፤ ባቡሩ በየሁለት ቀኑ ስለሆነ አንዱ ቢቀር የሚቀጥለው ነገ አይደለም።

እስከ ጅቡቲ ልቀጥል ለሚል፦ የጅቡቲ ቪዛ አዲስ አበባ ሳላችሁ ይጨረስ። ቢጫ ካርድ ያለው መመለሱ አያሳስበውም። በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የገባ ሰው ግን ደወሌ ላይ መውጫ ማኅተም ሲመታበት ቪዛው አበቃ፤ ለመመለስ ሌላ ያስፈልገዋል። ለእይታ ብቻ ከሆነ ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው በአዲጋላ በኩል የሚሄድ ደረቅ ሜዳ ነው፤ ጨርጨርን ያየ እዚያው ቢወርድ ምንም አይቀርበትም።